አባይ በረሃ፦ የማይረጋው አርባ ኪሎ ሜትር

ጎሐ ጽዮን ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉትና እግራችሁ ሥር አኑሩት። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ አንሡና እዩት። ማንም ሳይነካው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ተጨራምቶ ታገኙታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡት እናት የረገጡት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ያን ሰዓት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጸሎት ላይ ነበሩ። ጠርሙሱንም መንገዱንም አላዩም።

የጨፈለቀው አየር ነው። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ላይ ናት። ድልድዩ ያለበት ቦታ ደግሞ ከ1100 ሜትር በታች ነው። ላይ ስትዘጉት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው አየር ስስ ነው። ታች ያለው ከባድ ነው፤ ከውጭ ይጫነዋል። ጆሯችሁ ድፍን የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማስቲካ ማኘክ ወይም ምራቅ መዋጥ ይበቃል። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። 1000 ሜትር በወረዳችሁ ቁጥር በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ታች ስትደርሱ ከላይኛው ብርድ ዘጠኝ፣ አሥር ዲግሪ ርቃችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ያለችውን ፍልቅልቅን ስታልፉ አውቶቡሱ ውስጥ ጋቢ የሚያጣጥፍ፣ ሹራብ የሚያወልቅ፣ «እባክህ ወንድሜ መስኮቱን ክፈተው» የሚል የሚበዛው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ስለዚህች ቁራጭ መንገድ ነው የማወራው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃምና ጎንደር የሚያወጣው አውራ ጎዳና 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ሜዳ ለሜዳ ይሄዳል። ሱሉልታን፣ ፍቼን፣ ገርበ ጉራቻን አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ መሬቱ ከፊቱ ያልቃል። ከዚያ ፍልቅልቅን ይዞ ወደ አባይ ይወርዳል፣ ድልድዩን ይሻገራል፣ በኩራር በኩል ጠመዝመዝ እያለ ወጥቶ ደጀን ላይ ሜዳ ያገኛል። ጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ኦሮሚያ ውስጥ ሰሜን ሸዋ፣ ደጀን አማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም ናቸው። ወሰኑ ወንዙ ነው። ሌላ አገር መንገድ በቁጥር ይጠራል። የእኛ ሰው ግን «አባይ በረሃን ወረድን፣ አባይ በረሃን ወጣን» ነው የሚለው።

ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። በዚህች አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ያልፈሰሰ ገንዘብ የለም። ጣሊያን ሠራት፣ ንጉሡ ሠሯት፣ ጃፓን ሠራት። ለምንድን ነው ታዲያ ሁልጊዜ የሆነ ቦታዋ ተሰንጥቆ፣ ሰጥሞ፣ ጎብጦ የምናገኛት? «ሙስና ነዋ» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ቦታ ነው። ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት መንገዱ እንዴት እንደመጣ እንይ።

በጀንዲ መሻገር

መኪና ሳይኖር በፊት ሸዋና ጎጃምን የሚያገናኘው መልካ ነበር። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ሰውም ከብትም ጥልቀት የሌለውን ቦታ መርጦ ይሻገራል። ጨውና አሞሌ፣ ቡናና ማር የጫነው ነጋዴ አህያና በቅሎውን ያስዋኛል። እቃው በበሬ ቆዳ ይጠቀለላል፤ ጀንዲው ጫፍና ጫፉ ተሰብስቦ ይታሰርና እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ዋናተኞች ከኋላ ይገፉታል። አዞ አለ። ዋናተኛው አዞውን የሚከላከለው በጩኸትና ድንጋይ በመወርወር ነበር።

ክረምት ሲገባ ይህም የለም። የአባይ የዓመት ውሃ አብዛኛው የሚወርደው በሦስት፣ በአራት ወር ውስጥ ነው። ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ድረስ ጎጃም ከሸዋ ጋር የነበረው ግንኙነት ይቋረጣል። ሊቃውንቱ፣ ነጋዴው፣ ጦሩ፣ ሁሉም ጥቅምትን ይጠብቃል። ላዩ ላይ፣ ጢስ ዓባይ አካባቢ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ አለ። እዚያ ግን ወንዙ በጠባብ ገደል ውስጥ የሚያልፍ ነው። ታች እንዲህ በሰፋበት፣ በጋለበትና ንዳድ ሰው በሚጥልበት ቦታ ድልድይ መትከል ቀላል አልነበረም።

ለመኪና የሚሆነውን መንገድ መጀመሪያ የቆረጠው የጣሊያን ወራሪ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጎጃም አልገዛ ብሎ ነበር። አርበኛው በ1930 ዓ.ም. ሲነሣ አንዳንድ የጣሊያን ምሽጎች ተከብበው ስንቃቸውን ከአውሮፕላን ይለቅሙ ነበር። ጦር በአውሮፕላን ብቻ አይያዝም። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች ገደሉን እየሸነሸኑ መንገድ አወረዱ፣ ወንዙ ላይም ድልድይ አቆሙ። መሻገሪያውን በፈረንጅ ካርታ ላይ ሳፋርታክ ወይም ሻፋርታክ ተብሎ ታገኙታላችሁ።

ያው መንገድ ዞሮ ለመሸሻ ሆነ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ የነበረው የጣሊያን ጦር በኮሎኔል ማራቬንታኖ መሪነት ወደ አባይ አፈገፈገ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ሳፋርታክ ላይ እንዲቆረጥ ፈልጎ ነበር። ቦታው በላይ ዘለቀ በሚንቀሳቀስበት አካባቢ ነው፤ መልእክተኛም ተልኮበት ነበር። ጦሩ ግን ሳይቆረጥ ተሻገረ። ያኔ ከጣሊያን ወገን የነበሩት የጎጃሙ መስፍን ራስ ኃይሉ መሀል ገብተው በላይን አግባብተውታል የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ የበላይ ወዳጆች ደግሞ ይህን አይቀበሉም። ጠላ ቤት ውስጥ ብታነሡት እስከ ማታ ድረስ የሚያከራክር ነገር ነው። የሆነ ሆኖ ማራቬንታኖ ብዙም አልራቀም። በግንቦት ወር አጊባር ላይ እጁን ሰጠ።

አፄ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገብተው፣ ከዚያ በዚሁ ገደል ወርደው፣ ወጥተው፣ በደብረ ሊባኖስ በኩል አድርገው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ጣሊያን ለጦሩ የቆረጠው መንገድ ለንጉሡ መመለሻ ሆነ ማለት ነው።

ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን

ከነጻነት በኋላ በተሠራው የኮንክሪት ድልድይ ላይ ነው የአብዛኞቻችን አባቶች የተሻገሩት። ጠባብ ነው። ከባድ መኪና አንድ በአንድ ነበር የሚያልፈው። ዳር ዳሩ ላይ ወታደር ቆሞ ፎቶ ማንሣት ይከለክል ነበር። ልጅ ሆነን አውቶቡሱ እዚያ ሲደርስ ረዳቱ «ካሜራ ያላችሁ ደብቁ!» እያለ ይጮህ ነበር። ካሜራ የነበረው ሰው ግን አላስታውስም።

በ1943 ዓ.ም. ሁለት ነገር ተከተለ። የዓለም ባንክ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሰው እስከ ዛሬ «አውራ ጎዳና» ብሎ የሚጠራው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሊያን ትቶት የሄደው መንገድ የሚጠግነው አጥቶ ክረምት በመጣ ቁጥር ይሸረሸር ነበር። ይህ ገደል ደግሞ አንድ ክረምት ያለ ተንከባካቢ ቢያልፍ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ይጠይቃል።

በ1960 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት አባይን በጀልባ ለመውረድ መጡ። ዋና ሰፈራቸውን ያደረጉት እዚሁ ድልድይ ጋ ነበር። ክረምትን የመረጡት ውሃው አለቱን እንዲሸፍንላቸው ነው። ሌላው ሰው የሚሸሸውን ወቅት እነሱ ፈልገው መጡ።

አሮጌው ድልድይ ወደ 60 ዓመት ገደማ ተሸከመን። ከዚያ ጃፓን መጣ። የጃፓን መንግሥት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደውን መንገድ በየምዕራፉ እየረዳ ሲያሠራ፣ የጎሐ ጽዮንና ደጀን ቁራጭ ተራዋ ደረሰ። ካጂማ የተባለው የጃፓን ኮንትራክተር መንገዱንም ድልድዩንም ሠራ። አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ አገሩ ሁሉ ስለ ሚሌኒየምና ስለ ሕዳሴ በሚያወራበት ሰሞን ነው፤ ስሙም ሕዳሴ ድልድይ ሆነ። ዛሬ «ሕዳሴ» ሲባል ሁሉም ሰው ግድቡን ያስባል። ስሙን ቀድሞ የወሰደው ግን ድልድዩ ነው፤ ግድቡ ይፋ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደግሞ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ከተመረቀው 380 ሜትር የአባይ ድልድይ ጋር የሚያምታቱትም አሉ። ያ ሌላ ነው።

የሕዳሴ ድልድይ 303 ሜትር ይረዝማል። ሁለት ምሰሶዎች ወንዙ ውስጥ ቆመዋል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 145 ሜትር ነው። ከመንገዱ በላይ አጫጭር ማማዎች አሉት። ከእነሱም ገመዶች ወደ ግራና ቀኝ ተወጥረው ወለሉን ይዘውታል። ይህ ለውበት አይደለም። አባይ በክረምት ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ስለሚመጣ ወንዙ ውስጥ የሚተከል ምሰሶ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። «አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ለመሐንዲስ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያ ግንድ የሚመታው ምሰሶውን ነው። ምሰሶ ሲቀንስ ደግሞ በመሀል ያለው ወለል ይረዝምና በራሱ ክብደት መጉበጥ ይጀምራል። ገመዱ የሚመጣው ያኔ ነው። እንዲህ ዓይነት ድልድይ በአብዛኛው የሚሠራው እንደ ሚዛን ነው። ከአንድ ምሰሶ ጫፍ ተነሥቶ በግራም በቀኝም እኩል እኩል ይቀጠላል፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከሄደ ሚዛኑ ይዛባል። በመጨረሻ የሁለቱ ምሰሶዎች እጆች አየር ላይ ይገናኛሉ። እንዲህ ከሆነ ከወንዙ ውስጥ ግንድ አቁሞ መደገፍ አያስፈልግም።

አሮጌውም አልፈረሰም። ጎን ለጎን ቆመዋል። አዲሱ ላይ ሆናችሁ አሮጌውን ስታዩት አውቶቡስ በዚያ ላይ እንዴት ያልፍ ነበር ያሰኛል።

ተራራው ራሱ ይሄዳል

አሁን ወደ ጥያቄው። መንገዱ ለምን አይረጋም?

መልሱን ለማየት መስኮት ዳር መቀመጥ ይበቃል። ገደሉ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆርጦ ውስጡ ይታያል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ ነው፤ ባሳልት። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ አለ። ከዚያ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ነጣ፣ ቢጫ ያለ፣ እንደ ግንብ የተደረደረ። ይህ ባሕር ሥር የተሠራ ነው። አዎ፣ ጎጃም ባሕር ነበረች። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳት ቅሪት አለ። ከኖራው ሥር ጄሶና እንደ ሸክላ የሚላላጥ ለስላሳ ድንጋይ እየተፈራረቁ በመቶዎች ሜትር ይወርዳሉ። መጨረሻ ላይ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ።

ያ ጄሶ ያለበት ንብርብር በሥነ ምድር ዓለም ስሙ «የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን» ነው። ስሙን ያወጡለት ኢትዮጵያዊው የሥነ ምድር ምሁር ጌታነህ አሰፋ ናቸው። ትንሿ ከተማችን በዓለም ጂኦሎጂ መጽሔቶች ላይ የምትጠራው በዚህ ነው። እዚያ ለሚኖር ሰው ግን ምሥጋና ብቻ አይደለም፤ የችግሩ ሁሉ ሥር ይህ ንብርብር ነው።

እንዲህ ነው። ዝናቡ ከላይ፣ ደጋው ላይ ይዘንባል። ባሳልቱና ኖራው ስንጥቅጥቅ ናቸው፤ ውሃ ያሳልፋሉ። ውሃው በስንጥቁ ሰርጎ ይወርድ ይወርድና ሸክላማው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ሸክላ ውሃ አያሳልፍም። መውጫ ሲያጣ ወደ ጎን ይሄዳል፣ በገደሉ ጎንም ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በበጋ እንኳ ቁልቁለቱ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ጥግ ካያችሁ እዚያ ውሃ አለ። ሸክላው ሲርስ ይሟልጫል። ጄሶው ደግሞ ቀስ በቀስ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከላይ ግን በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ እየተናደ የተከማቸ ቋጥኝና አፈር ተጭኖታል። ሳሙና በተቀባ ጣውላ ላይ የተቀመጠ ጆንያ አስቡ። ጣውላው ዘንበል ያለ ነው። ጆንያው ለጊዜው ቆሟል። አንድ ጣሳ ውሃ ስትጨምሩበት ይንሸራተታል።

መንገዱ የተሠራው በዚያ ጆንያ ላይ ነው።

አንዳንዱ ቦታ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። ዓይን አያየውም፤ አስፋልት ግን ያውቀዋል። መጀመሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይወጣል፣ ቅርጹም እንደ ጨረቃ ግማሽ ክብ ነው። ይህን ቅርጽ ስታዩ ከሥሩ ያለው መሬት በማንኪያ እንደተዛቀ ገንፎ እየተቆረጠ መሆኑን እወቁ። ከዚያ አንዱ ወገን ዝቅ ይላል። ከዚያ መኪናው «ጓ!» ይላል፣ ተሳፋሪው ጣሪያ ይነካል፣ ሾፌሩም ይራገማል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ፈጣን ነው፤ ከላይኛው ገደል ቋጥኝ ተፈንቅሎ መንገድ ላይ ይወድቃል። ይህ የሚበዛው ዝናብ በከረረ ማግስት ነው።

በ2002 እና 2004 ዓ.ም. መካከል የጃፓኑ ትብብር ድርጅት ጃይካ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ የገደሉን መንሸራተት አጥንቷል። አዲስ መንገድና አዲስ ድልድይ ሠርተው ዓመት ሁለት ዓመት ሳይቆይ መሬቱ ሲንቀሳቀስ፣ ከአስፋልቱ በፊት መሬቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ግልጽ ሆነ። ሥራው ሐኪም በሽተኛ እንደሚመረምር ዓይነት ነው። ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ቱቦ ይገባበታል፤ መሬቱ ሲሄድ ቱቦው ይጎብጣል፤ የጎበጠበት ጥልቀት ይለካል። ያኔ የሚንሸራተተው ክፍል ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይታወቃል። ስንጥቁ ግራና ቀኝ ላይም ሽቦ ተወጥሮ በየጊዜው ስንት ሚሊ ሜትር እንደተራራቀ ይመዘገባል።

መፍትሔውስ? ሰው ሁሉ የሚለው «አስፋልቱን ወፍራም አድርጉት» ነው። አይሆንም። ወፍራም አስፋልት ከባድ ነው፤ በሚንሸራተት ነገር ላይ ክብደት መጨመር ነው። «ግንብ ይገንባ» የሚልም አለ። ግንብ ይረዳል፤ ግን ከኋላው ውሃ ከታቆረ ግንቡን ራሱን ይዞት ይሄዳል። በድጋፍ ግንብ ላይ ቱቦ የሚያክሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች የምታዩት ለዚህ ነው። ውሃው የሚተነፍስበት ነው። በሽቦ ቅርጫት ድንጋይ ሞልተው የሚደረድሩት ጋቢዮን የተመረጠውም ውሃ ስለሚያሳልፍና መሬቱ ትንሽ ቢሄድ አብሮ ስለሚጎብጥ ነው። ሲሚንቶ ግንብ መጉበጥ አይችልም፤ ይሰነጠቃል።

ዋናው መድኃኒት ውሃውን ማስወጣት ነው። ላይ ላዩን የሚሄደውን በቦይ፣ ውስጥ ውስጡን የሚሄደውን ወደ ጎን በተቆፈረ ቀጭን ቱቦ። ዋጋው ከአስፋልት ያነሰ ነው፤ ምረቃ ላይ ግን ሪባን የሚቆረጥለት ቦይ አይቼ አላውቅም። ሌላም አለ። መንገድ ለማስፋት ብሎ የቁልቁለቱን እግር መቁረጥ አደገኛ ነው። አውድማ ላይ ያለ የጤፍ ክምር ከሥሩ ብትዝቁበት ከላይ ይናዳል። ይህን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ለአንዳንድ ኤክስካቫተር ነጂ ግን ያስፈልጋል።

ስምንት በርሜል የፈላ ውሃ

መሬቱ አንድ ነገር ነው። ፍሬን ሌላ።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ያለው መንገድ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚወርደው ደግሞ 1400 ሜትር ገደማ። ስታካፍሉት በየመቶ ሜትሩ 7 ሜትር ዝቅ ትላላችሁ። ወፍ የምትበረው መስመር የዚህ ግማሽ ያህል ነው፤ በዚያ መስመር ቢሠራ ኖሮ በየመቶው 14 ሜትር ይሆን ነበር፤ ተሳቢ የጫነ መኪና አይችለውም። መጠማዘዙ ቁልቁለቱን ለማላላት የተከፈለ ዋጋ ነው።

አሁን 40 ቶን የሆነ ተሳቢ ወደ ታች ሲወርድ አስቡት። ያንን ክብደት 1400 ሜትር ከፍ ለማድረግ የፈጀው ጉልበት ሲወርድ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ሙቀቱ ሁሉ ቢሰበሰብ ከ1600 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ስምንት በርሜል ማለት ነው። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ ከወረደ ይህ ሁሉ ሙቀት ጎማው ውስጥ ያሉ ጥቂት ብረቶች ላይ ነው የሚያርፈው። ብረቱ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል፣ ያ የጎማ ጭስ የመሰለ ሽታ ይመጣል። ከዚያ ፔዳሉን ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናው አይሰማም። ሾፌሮች «ፍሬን በላ» የሚሉት ይህን ነው።

ስለዚህ ጥሩ ሾፌር ጎሐ ጽዮን ላይ ነው ቁልቁለቱን የሚጀምረው። ወርዶ ጎማውን በብረት ይመታል፣ አየሩን ያያል፣ ከዚያ ከባድ ማርሽ ያስገባል። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ሙቀቱም በራዲያተርና በጭስ ማውጫ ይወጣል። ድምፁ ይጮኻል፤ ተሳፋሪው «ሞተሩን ገደለው» ይላል። አልገደለውም። ፍሬናችንን እያዳነ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ የሚለቅቀው ግን ከጥቂት ብር ጋር ሕይወት እየለወጠ ነው። አሮጌ ሾፌሮች «ሽቅብ የወጣህበትን ማርሽ ቁልቁል ውረድበት» ይላሉ።

ሽቅቡም የራሱ ጣጣ አለው። ከድልድዩ ተነሥቶ በኩራር በኩል ደጀን እስኪወጣ ድረስ ሙቀቱ ሳይበርድ ሞተሩ ይፈላል። ዳር ይዞ ቦኔቱን የከፈተ አይሱዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ያደረገ ረዳት፣ ከጀሪካን ውሃ የሚያፈስ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ያስቃል፤ ከሥሩ አባይ እየፈሰሰ ረዳቱ ለራዲያተር ውሃ ይለምናል። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይኸው። አንዳንዱ ረዳት ግን ታኮ ያደረገውን ድንጋይ ሲሄድ መሀል መንገድ ላይ ትቶት ይሄዳል። ማታ ለሚመጣው መኪና ያ ድንጋይ ከናዳ አይለይም። እባካችሁ፣ አንሡት።

ይህች ቁራጭ ስትዘጋ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ካልተቻለ በደሴ፣ በወልድያ፣ በደብረ ታቦር ዞሮ መሄድ አለ፤ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አባይ የሚሻገርባቸው ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ አንዱ በቡሬና ነቀምቴ በኩል ነው፤ እሱም ሩቅ ነው። ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መስመሩ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ያኔ አዲስ አበባ የጎጃም ጤፍ ዋጋው ወዲያው ይሰማል። ባሕር ዳር ደግሞ ሲሚንቶና ዘይት ይወደዳል።

በሰኔ መጀመሪያ የምታልፉ ከሆነ ከፍልቅልቅ በታች ዓይናችሁን ቦዩ ላይ ጣሉ። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹንም እዩ፤ ቀጥ ብለው የተተከሉ ናቸው፣ አንዳንዶቹ አሁን ዘንበል ብለዋል። ዛፎቹም ከሥራቸው ጎብጠው ከዚያ ወደ ላይ ቀና ብለዋል፤ መሬቱ ሲሄድባቸው ፀሐይን ፍለጋ የተመለሱ ናቸው። እዚያ አካባቢ ቆብ ያደረጉ፣ አካፋና ዶማ የያዙ ሰዎች ቦይ ይጠርጋሉ። ደለሉን፣ ቅጠሉን፣ የወደቀውን ጠጠር እየዛቁ ወደ ገደሉ ይጥላሉ። ዝናቡ ሳይመጣ መጨረስ አለባቸው። እኔ ባለፍኩበት ቀን አንዱ ሰውዬ ከቦዩ ውስጥ የተጨራመተ ሃይላንድ አውጥቶ አየውና ወደ ጎን ወረወረው። ሾፌራችን ጥሩንባ ነፋለት፤ እሱም አካፋውን ከፍ አድርጎ መለሰለት።